ሁለቱም ጆሮ ይከፈት

ለሰርቪስ የምናወጣው ሲበዛብን ብስክሌት የጀመርን እህቶች አለን። እሁድ ቡና ላይ ስንገናኝ ታዲያ ክርክሩ ኤርፎን ሆኗል። “ድምፁን ከቀነስኩት ምን ችግር አለው?” የምትሉ አላችሁ። “አንድ ጆሮ ብቻ” የምትሉም ብዙ ናችሁ። እኔ ቤይሩት መንገድ ላይ ብስክሌት እየነዱ አንዱም ጆሮ አይደፈን ባይ ነኝ።

ለምን እንደምናደርገው ሳይነኩ “አውልቁ” ማለት ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ የማዳምን ትእዛዝ፣ የልጆቹን ለቅሶ፣ የቴሌቪዥኑን ጩኸት ስንሰማ ውለን፣ ከአንዱ ሥራ ቤት ወደ ሌላው ስንሄድ ያለችው ግማሽ ሰዓት ብቻ የራሳችን ናት። እናቷ የላከችላትን ቮይስ ሦስቴ ደጋግማ የምትሰማው ያኔ ነው። ከመኪና መስኮት የሚወረወረውን ስድብ ላለመስማት ብላ የምታደርገውም አለች፤ ለሷ ኤርፎኑ እንደ በር ነው፣ ትዘጋዋለች። ይሄ የማይገባው ሰው ቢመክረን አንሰማውም፤ ልክም ነን።

ግን ከኋላ የሚመጣውን የሚነግረን ጆሯችን ነው። እዚህ ከተማ መብራት ሲጠፋ የትራፊክ መብራቱም አብሮ ይጠፋና መስቀለኛው ላይ የደፈረ ያልፋል። ሞተር ሳይክሉ በአንድ አቅጣጫ መንገድ በተቃራኒ ይመጣል፣ ማታ አንዳንዱ ያለ መብራት። ክላክሱን ደግሞ ለምደነዋል። ሰርቪሱ ተሳፋሪ ፍለጋ ላገኘው ሁሉ ስለሚያጮህ “ለኔ አይደለም” ብለን እናልፋለን። ለኛ የተጮኸውን ከሌላው የምንለየው በቅርበቱና በመጣበት በኩል ብቻ ነው።

የአንድ ጆሮው ነገር እዚህ ላይ ይበላሻል። ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ሁለቱ ጆሮዎቹ የሰሙትን እያስተያየ ነው። አንዱን ስትደፍኚው ሞተሩን ትሰሚዋለሽ፣ ግን በግራ ይሁን በቀኝ ይምታታብሻል። ቤት ሞክሪው፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ አንድ ጆሮሽን ያዥና ጓደኛሽ ከክፍሉ ጥግ ወደ ጥግ እየሄደች ታጨብጭብ። “ቀንሼ ነው” የሚባለውም ዳገት ላይ ብቻ የሚሠራ ነገር ነው። ቁልቁለት ሲሆን ንፋሱ ይጮሃል፣ ድምፁም ይጨመራል። የውጭ ድምፅ የሚያፍን ዓይነት ከሆነማ አይወራ።

ከዘፈን ይልቅ እኔ የምፈራው ስልክ ነው። ከቤት የመጣ ወሬ ልብን ይዞ ይሄዳል። “ወንድምሽ ታሟል” የሚል ቃል ዶራ አደባባይ መኪና መሃል የሚሰማ አይደለም።

በሰዓት የምትሠራ ካልሠራች አትከፈልም። ሆስፒታል በር ላይ ገንዘብ ይጠየቃል። ወረቀት የሌላት ደግሞ ፖሊስ እንዳይመጣ ፈርታ በተሰበረ እግሯ ልትሸሽ ትችላለች። መንገዱን ያበላሸነው እኛ አይደለንም፣ እሱን አውቃለሁ። የገጨሽ ሹፌር ግን “ኤርፎን አድርጋ ነበር” ብሎ እንዲያመልጥ ለምን ሰበብ እንሰጠዋለን?

በእግር ለምትሄዱ ትንሽ ላላ እላለሁ። ኮርኒሽ ላይ ባሕሩን ይዛችሁ ስትሄዱ ስሙ፣ ደስ ይበላችሁ፤ አስፋልት ልትሻገሩ ስትሉ ግን አውልቁት።

ቮይሱን ከመነሳትሽ በፊት ደረጃው ላይ ቁጭ ብለሽ ስሚው። ለእናትሽም “መንገድ ላይ ስልክ አላነሳም፣ ስገባ እደውላለሁ” በያት፤ ይገባታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 140 ነው። ሲደወል ቦታውን መናገር ያስፈልጋልና የምታልፉባቸውን ሰፈሮችና ትልልቅ ሱቆች ስም በአረብኛ ተለማመዱ፤ የከበዳት ካለች እሁድ ከቡናው በፊት አብረን እንበለው።