«ቤዝ ጨምርበት» ለምትሉኝ ሁሉ

ይሄን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ልጆች ሚክስ እንዳደርግላቸው ሥራ ልከውልኝ፣ ሦስቱም ያሉት አንድ ነው፦ «ኪኩ አይመታም፣ ቤዙም አይሰማም፣ ሁለቱንም ጨምርልን።» ሁለቱንም! የአንዱን ፋይል ከፈትኩት። ኪኩ 50 ኸርዝ ላይ 6 ዴሲቤል ተጨምሮበታል። ቤዙም እዛችው 50 ኸርዝ ላይ 5 ተጨምሮበታል። ማስተሩ ላይ የተቀመጠው ሊሚተር ቀይ አብርቶ ይጮሃል። የማታ ታክሲ በር ላይ ሁለት ሰው እኩል ሊገባ ሲጋፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ረዳቱ ሁለቱንም ከኋላ ቢገፋቸው ማንም አይገባም። ይሄም እንደዛው ነው።

የኪክና የቤዝ ጸብ ሚክስ ላይ አይፈታም፤ የሚፈታው ቅንብር ላይ ነው። ታች ያለውን ቦታ ማን እንደሚይዝ አቀናባሪው ሳይወስን፣ «ሚክስ የሚያደርገው ሰው በፕለጊን ያስታርቃቸው» ብሎ መላክ ስንፍና ነው። በእኛ ሙዚቃ ደግሞ የዚህን ስንፍና ዕዳ የሚከፍለው ሁለቱም አይደሉም። ከበሮው ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ እናንተ የምትጠቅሱልኝን የውጭ ሙዚቃ እንይ። ሀውስ ውስጥ ኪኩ በየምቱ ይወርዳል፣ ቤዙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመሃል በመሃል ነው የሚገባው። ሳይትራንስ ውስጥ አንዱ ምት በአራት ይከፈላል፤ አንደኛው የኪኩ ነው፣ የቀሩት ሦስቱ የቤዙ። ጎረቤት ናቸው፣ አይነካኩም። በ1980 የወጣው የሮላንድ ቲአር-808 ኪክ ጅራቱ ረጅም ነው፤ ስትዘረጉት እሱ ራሱ ቤዝ ይሆናል፣ ሂፕሆፕ ውስጥም ሲሠራበት የኖረው እንደዛ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው የ909 ኪክ ግን አጭርና ደረቅ ነው፣ ለቤዝ ቦታ ይለቃል። እነዚያ ሰዎች መጀመሪያ መረጡ፣ ከዛ ነው ሚክስ ያደረጉት። እኛ ጋ ረጅም የ808 ኪክ ተቀምጦ፣ ከሥሩ ሌላ ሲንተሳይዘር ቤዝ ተዘርግቶ፣ ከዛ «ለምን ይታፈናል?» ተብሎ እጠየቃለሁ። ሁለት ቤዝ ስላለው ነዋ!

«ግን እኔ ቤት ስሰማው አንሶብኝ ነው የጨመርኩት» ትሉኛላችሁ። አምናችኋለሁ። ችግሩ ቤታችሁ ነው። አብዛኞቻችን የምንሠራው ኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ውስጥ ነው፣ እኔም ለስድስት ዓመት እንደዛው ነበርኩ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የ50 ኸርዝ አንድ ሞገድ ታዲያ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ክፍላችሁ 3 ሜትር ተኩል ከሆነ ግማሹ ሞገድ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ልክክ ብሎ ይገጥማል። እና ክፍሉ መሃል ላይ ወንበር አድርጎ የተቀመጠው ፕሮዲውሰር ያንን ድምፅ ከሞላ ጎደል አይሰማውም! ግድግዳውን ተደግፎ አልጋ ላይ የተቀመጠው ጓደኛው ግን ጆሮው ይደነቁራል። ልጁ አነሰ ብሎ ይጨምራል፣ ጓደኛው በዛ ይለዋል፣ ይጨቃጨቃሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ወንበራችሁን አንድ ሜትር ወደ ኋላ ወይ ወደ ፊት ግፉትና ስሙት፣ ብር አያስወጣም። ወይ ደህና ሄድፎን አድርጉና አመሳክሩ።

ሌላው «ስልክ ላይ ቤዙ አይሰማም፣ ጨምር» የሚባለው ነው። የስልክ ስፒከር እኮ 50 ኸርዝ የሚባል ነገር ማውጣት አይችልም። 10 ዴሲቤል ብትጨምሩም አያወጣም። ስልክ ላይ ቤዝ የሰማችሁ የሚመስላችሁ ከቤዙ በላይ ያሉትን ድምፆች፣ 100ውን 150ውን 200ውን፣ ጆሮ ሰብስቦ ታችኛውን ራሱ ስለሚሞላው ነው። ስለዚህ ቤዙን ትንሽ ሳቹሬሽን ስጡት፣ ይሻክር፣ ከላይ ሥጋ ያውጣ። ታችኛውን ተዉት።

አሁን ወደ ተናደድኩበት ነገር።

ሮፍናን እ.ኤ.አ. በ2018 «ነጸብራቅ»ን ካወጣ ወዲህ፣ እነ ሚካኤል ሰይፉም የሠሯቸውን የሰሙ ልጆች፣ የአገር ቤት ድምፅና ኤሌክትሮኒክ እንቀላቅል ብለው ይመጣሉ። ደስ ይለኛል፣ ከልቤ። ግን ሲቀላቅሉ የሚያደርጉትን ልንገራችሁ። ችክችካ ይወስዳሉ። ችክችካ ምቱ በሦስት ነው የሚከፈለው። ቅድም ያልኩት የሳይትራንስ ስሌት እዚህ ቦታ የለውም፤ ኪኩ አንዱን ሲይዝ የሚቀሩት ሁለት ናቸው። እዛ ሁለቱ ላይ ደግሞ ከበሮው ቀድሞ ተቀምጧል! ያ የሚያወዛውዘን፣ ትከሻ የሚያስመታው እሱ ነው። ከበሮ ደግሞ ትልቁ ፊቱ ሲመታ ታች ድረስ የሚወርድ ድምፅ አለው። እንግዲህ ኪክ፣ ቤዝ፣ ከበሮ፣ ሦስት ሆኑ። ልጁ ሁለቱን ማስታረቅ አልቻለም ነበር፣ አሁን ሦስተኛ መጣበት። ምን ያደርጋል? ከበሮውን ከ150 ኸርዝ በታች ቆርጦ ይጥለዋል። ቀላል ነው፣ አንድ ቁልፍ ነው። «ኪኩ ንጹሕ ሆነ» ይላል።

ሳይድቼይኑስ? ቪዲዮ አይቶ ኮምፕሬሰሩን ሪሊዝ 300 ሚሊሰከንድ ያደርጋል። ያ ቪዲዮ በአራት ለሚከፈል ምት የተሠራ ነው፣ እዛም ላይ ቢሆን ጆሮ ይጠይቃል። በደቂቃ 120 በሚሄድ ችክችካ አንድ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፣ በሦስት ሲካፈል 167 ገደማ። ኪኩ መታ፣ ቤዙ ተደፋ፤ 167 ላይ ሁለተኛው ሲመጣ ቤዙ ገና እየተነሣ ነው። ከበሮውንም እዛው ግሩፕ ውስጥ ከትተህው ከሆነ አብሮ ተደፍቷል። ችክችካው ይነክሳል። ከዛ «ምነው አልጨፈሩም?» ይባላል።

ይሄን ሁሉ በሌላ ሰው ላይ የማወራ እንዳይመስላችሁ። እኔው ነኝ መጀመሪያ ያደረግኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጋሼ የምንላቸው ከበሮ መቺ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ቀዳሁ። ምንጣፍ አንጥፌ፣ አንድ ማይክ ትልቁ ፊት ላይ፣ አንዱ ትንሹ ላይ። ሁለት ሰዓት ያለ ዕረፍት መቱልኝ፣ ቡናም አስፈሉልኝ። እኔ ቤቴ ወስጄ አራት ምት ኪክ ጫንኩበት፣ ቤዝ ጫንኩበት፣ ታፈነብኝ። ከ150 በታች ቆረጥኩ። ቆንጆ ሆነ አልኩ። እሳቸውን ስቱዲዮ ጠርቼ፣ ትልቁ ስፒከር ላይ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ አሰማኋቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙና «ልጄ፣ ደስ ይላል። እኔ ግን የትኛው ጋ ነኝ?» አሉኝ።

«ያቺ ጣ ጣ የምትለዋ» ብዬ አሳየኋቸው። አሳየኋቸው ስላችሁ አፍሬ ነው።

እሺ አሉ፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ያን ማታ ፋይሉን ከፍቼ ኪኩን አጠፋሁት። ትልቁ ፊት በ90 ኸርዝ አካባቢ እንዴት እንደሚሞላ ያኔ ነው የሰማሁት። እኔ ገንዘብ ከፍዬ ያወረድኩት የኪክ ፓክ ውስጥ እንደዛ ያለ ድምፅ አልነበረም።

አንዳንዶቻችሁ «ክለብ ውስጥ ኪክ ከሌለ ሰው አይንቀሳቀስም» ልትሉ ነው። ኪክ አጥፉ አላልኩም። አሳጥሩት አልኩ። ጅራቱን ቁረጡት፣ ጫፉ ብቻ ይቅር፣ ታች ያለውን ከበሮው ይሙላው። ወይ ኪኩ ታች ይሁንና ቤዙን አንድ ኦክታቭ አንሡት። ወይ ቤዙ ንጉሥ ይሁን፣ ኪኩ ረጅም አይሁን። የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ግን ምረጡ! ሁሉም ኪክ ሁሉም ቤዝ የሆነ ሙዚቃ ሊሚተሩ ጨፍልቆ ያሳንሰዋል፣ ድምፃዊቷንም ይዟት ይወርዳል። ስፖቲፋይም ሆነ ዩቲዩብ በጣም የጮኸውን መልሶ ዝቅ ያደርገዋል፤ ያን ሁሉ ጨፍልቃችሁ ያተረፋችሁት ነገር የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ለሙያ ባልደረቦቼ ነው። ደንበኛ ነው ብላችሁ «እሺ ጨምሬያለሁ» እያላችሁ አትላኩ። እኛም እናበላሻለን። ፋይሉን መልሱና «መጀመሪያ ወስንና ላክልኝ» በሉት። ይቀየማል፣ ሁለት ሺህ ብር ይቀርባችኋል። እኔም ቀርቶብኛል።

ትናንት ማታ ከሦስቱ ለአንዱ ኪኩን 4 ዴሲቤል ዝቅ አድርጌ፣ ጅራቱን ቆርጬ፣ ቤዙን አንድ ኦክታቭ አንሥቼ፣ የቆረጠውን የከበሮ ታች መልሼ ላክሁለት። ወዲያው «ወንድሜ ኪኩ የት ሄደ?» ብሎ ጻፈልኝ። አልመለስኩለትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ «መኪና ውስጥ ሰማሁት። ቆይ፣ ነገ እደውልልሃለሁ» አለኝ።

እስካሁን አልደወለም። ስልኬ ክፍት ነው።