«ነገ ኑ» ስንት ቀን ነው?



በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ አጠናን ዘዴ፣ ስለ ግቢ ንጽሕናና ስለ ኳስ ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ ስለ ገበያ ልንጽፍ ነው። ዕጩ መምህርን ገበያ ምን አገባው የሚል አይጠፋም፤ መጀመሪያ ደመወዝ ይብላ የሚልም ይኖራል። እኛን ግን ደመወዙ ሳይመጣ ኪሳራው ቀደመን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ሐይቅ ከተማ በአንድ ግቢ ተከራይተን የምንኖር ዘጠኝ ዕጩ መምህራን ነን። የትምህርት ዕቅዱም፣ የማስተማር ልምምድ ሪፖርቱም በኮምፒዩተር ተጽፎ ይቅረብ ስለተባለ በየገጹ እየከፈልን ማስጻፉ ሰለቸን። በመሆኑም ተማከርንና አንድ ላፕቶፕ በጋራ ለመግዛት ወሰንን። የአንዷ እናት ሁለት በግ ሸጡ። አንዱ ክረምቱን ኮምቦልቻ የቀን ሥራ የሠራበትን አመጣ። ሌላው ከአጎቱ ጋር በሐይቁ ዓሣ እያጠመደ ያጠራቀመውን አወጣ። የቀረነውም እንደ አቅማችን አዋጣንና 42,000 ብር ሞላ። እንዲህ ያለ ገንዘብ ከመካከላችን በእጁ ይዞ የሚያውቅ አልነበረም።

ቅዳሜ ጧት ሦስታችን ተወክለን ደሴ ወጣን። የገባንበትን ሱቅ ስም አንጠራም፤ የምንጽፈው ሰው ለማዋረድ አይደለምና። ባለሱቁ እጅግ ትሑት ሰው ነው። «አስተማሪ ልትሆኑ ነው? እሰየው!» ብሎ ሻይ አዘዘልን። «አዲስ ነው፣ አሁን ከካርቶኑ የወጣ፤ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው» ብሎ በእናቱ ማለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አደረገና «በደረሰኝ ነው ወይስ ያለ ደረሰኝ?» ሲል ጠየቀን።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንደብቅ እንናገር። በደረሰኝ ከሆነ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ይታሰባል፤ ያውም 6,300 ብር ነው። እርስ በርሳችን ተያየን። 6,300 ብር የሁለት ወር የቤት ኪራያችን ነው። «ያለ ደረሰኝ ይሁን» አልን። ገንዘቡን በስልክ በባንክ አስተላለፍን፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈች አንዲት የዋስትና ካርድ ተሰጠችን፣ ካርቶኑን እንደ ሕፃን ታቅፈን ወደ ሐይቅ ተመለስን። ያን ቀን ማታ ቤታችን ሠርግ ነበር።

በአምስተኛው ቀን መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ። ባትሪው ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ስናበራው ስክሪኑ እየበራ ይጨልማል፣ እየጨለመ ይበራል። የኮምፒዩተር መምህራችን ዘንድ ወስደን አሳየን። ላፕቶፕ ስለ ራሱ ባትሪ ዘገባ የሚያወጣበት መንገድ እንዳለው ያወቅነው ያን ዕለት ነው። ዘገባው ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ ባትሪው ሲሠራ ይይዝ የነበረውን የኃይል መጠንና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን። በአዲስ ዕቃ ላይ ሁለቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። የእኛው ሲሠራ 41 ዋት ሰዓት ነበረ፤ አሁን የሚይዘው 12 ብቻ ነው። «ይህ አዲስ አይደለም፤ አገልግሎ አገልግሎ አዲስ ካርቶን የለበሰ ነው» አሉን መምህራችን። ዕቃ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ይህን ዘገባ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ አስወጡ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

በተገዛ በሰባተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ደሴ ወጣን። ባለሱቁ አልተቆጣም። እንዲያውም ሻይ አዘዘ። «ቴክኒሻኑ ዛሬ የለም፤ ማክሰኞ ኑ» አለን። ማክሰኞ ሁለታችን ክፍለ ጊዜ አስቀርተን ሄድን፤ ይህ አሥረኛው ቀን ነው። «አስመጪው አዲስ አበባ ነው፤ ደውዬለታለሁ፤ ቅዳሜ ኑ» አለን። በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሄድን። «ሰኞ ይገባል፤ አትጨነቁ፣ እኔ አለሁላችሁ» ብሎ ትከሻችንን መታ መታ አደረገን። ሰኞ ሄድን። ያን ቀን ሻይ የለም። «ልጆች፣ 15 ቀን አልፎታል። ደግሞስ ደረሰኛችሁ የታለ?» አለን። ከኋላው ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

እንዴ! 15 ቀን ምንድን ነው? ከየት መጣ? ዘጠኛችንም ሰምተነው አናውቅም። እዚያው መነኻሪያ ላይ ቆመን በስልካችን ፈለግነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነው፤ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ደነገገ። ከሁሉ ይበልጥ ያቃጠለን ይህ ነው። ሕጉን ያወቀው ሻጩ ነበር። የወጣው ለእኛ፣ የቆጠረው እሱ! «ማክሰኞ ኑ»፣ «ቅዳሜ ኑ»፣ «ሰኞ ኑ» እያለ ሻይ ሲያጠጣን፣ እኛ ትሕትና ነው ብለን ስንመሰገን፣ ለካ ቀን እየተበላብን ኖሯል።

የዋስትና ካርዷንም ያን ቀን ነው መዝገበ ቃላት ይዘን ያነበብናት። ባትሪን፣ ቻርጀርንና ስክሪንን አትጨምርም። የቀረው ምኑ እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት ካርቶኑ ይሆናል። በአፍ የተነገረን ሌላ፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈው ሌላ። ይህ ነገር ለአገራችን ለአምባሰል አዲስ አይደለም። ከዚህ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ውጫሌን ሁላችን እናውቃታለን፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚያ ነው። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ሲል የኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ዐፄ ምኒልክ ልዩነቱን ሲያውቁ በ1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው አስታወቁ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አልቀበልም አሉ። ላፕቶፕን ከአገር ጉዳይ ጋር አነጻጸሩ ብላችሁ አትሣቁብን። ይህን ታሪክ በፈተና ላይ ጽፈን ነጥብ ያገኘን ሰዎች ካርድ ሳናነብ መፈረማችን ነው የገረመን። እሳቸውስ የራሳቸውን ቅጂ አንብበዋል፤ እኛ አንዱንም አላነበብንም። ካርዷ በእንግሊዝኛ ናት እንበል። አዋጁስ? ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ አይደለም እንዴ የሚታተመው?

ስለ ደረሰኙ ቤታችን ውስጥ ሁለት ወገን ሆነናል። አንዱ ወገን «ታክስ ሸሽተን ገዝተን አሁን በምን አፋችን መብት እንጠይቃለን? ይለፈን» ይላል። ነገሩ ክብደት አለው። እኛ ነገ ክፍል ገብተን ስለ ግብርና ስለ ዜግነት የምናስተምር ነን፤ ትምህርት ቤቱ በምን እንደሚሠራም እናውቃለን። 6,300 ብር ለማትረፍ 42,000 ብር አስያዝን ማለት ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን የነበሩት መነኮሳት የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር በወንጌላቸው ላይ ጽፈው ትተዋል፤ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል እስከ ዛሬ ይመሰክራል። እኛ ደግሞ ከገዳሙ ሥር ተቀምጠን፣ ደብተር ተሸክመን እየዋልን፣ ወረቀት ሳንይዝ ከሱቅ ወጣን።

ነገር ግን እኛ የሁለተኛው ወገን ነን። ታክሱን ያላስከፈለው ማን ነው? ደረሰኝ መቁረጥ የነጋዴው ግዴታ ነው፤ ገዢ ፈለገም አልፈለገም። የራሱን ጥፋት ጋሻ አድርጎ ሁለተኛ ጥፋት ሊሠራ አይገባም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ለደበቀ ሻጭ ደግሞ ኃላፊ አይደለሁም የሚል ውል አይጠቅመውም። ያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ታዲያ ምን ይሠራል? እንደ እኛ ያለውን አንገቱን አስደፍቶ መመለስ ነው ሥራው፤ ያንንም አሳምሮ ሠርቷል።

ወረቀትም ጨርሶ የለንም ማለት አይደለም። ገንዘቡ የተላለፈው በባንክ ስለሆነ ቀኑ፣ መጠኑና የተቀባዩ ስም በስልካችን ላይ አለ። የጎደለን በሰባተኛው ቀን አቤቱታ ማቅረባችንን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። በአፍ ነበራ! የሚኒባስ ረዳትም ትኬት አይሰጥ። ያን ቀን «ጋሼ፣ ዕቃው ተበላሽቷል፣ እንዲለወጥልን እንጠይቃለን» ብለን በሁለት መስመር ጽፈን፣ ቀን ጽፈን፣ ቅጂው ላይ ቢያስፈርሙልን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር። ለምን አልጻፍንም? ይሉኝታ ያዘን። ሻይ ያጠጣን ሰው ፊት ወረቀት ማውጣት ነውር መሰለን። አንዷ ጓደኛችን «እንጻፍለት» ብላ ነበር፤ «ኧረ ሰውዬው ጨዋ ነው፣ አታስቀይሚው» ብለን ዝም ያሰኘናት እኛው ነን። በጎቹን የሸጡት የእሷ እናት ናቸው።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ማመልከቻ አጻጻፍ ስንማር ሁልጊዜ ሥራ ለመጠየቅ ወይም ፈቃድ ለመጠየቅ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ አቤቱታ ለመጻፍ ይሰጠን። የዋስትና ካርድና ደረሰኝ ክፍል ውስጥ ይነበብ። ልጆቹን ተረትና ምንባብ እናስነብባቸዋለን፤ አባታቸው የውኃ ፓምፕ ገዝቶ የመጣበትን ወረቀት ግን ማን ያነብለት? በየሄድንበት ገጠር ያ ወረቀት ወደ እኛ ይመጣል። «የኔታ፣ ይህ ምን ይላል?» ሲሉን ምን ልንል ነው?

ላፕቶፑ አሁን የኮምፒዩተር መምህራችን ቢሮ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ደብዳቤውን ትናንት ማታ በሻማ ጻፍነው፤ ባንኩ ያስተላለፈበትን ማስረጃ፣ የባትሪውን ዘገባና ለሦስት ጊዜ ምልልሳችን የሚመሰክሩ የሁለት ሰዎች ፊርማ አያይዘናል። በሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ለባለሱቁ፣ አንዱ ለንግድ ጽሕፈት ቤት። ማክሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደሴ እንወጣለን። ከእኛ ጋር ሄዶ መስማት የሚፈልግ ካለ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል መነኻሪያው በር ላይ ያገኘናል፤ የመሳፈሪያውን ግን ራሱ ይቻል።