ከመጠምጠም መማር ይቅደም
(ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖቻችን ሞተርና ጥገና)



እንደሚታወቀው በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ በየበራችን የሚቆሙት መኪኖች እየተለወጡ ሄደዋል። ቪትዝና ኮሮላ ብቻ ይታይበት በነበረው መንገድ ዳር ዛሬ ቢ.ዋይ.ዲ.፣ ፎልክስዋገን አይ.ዲ.4 እና ቶዮታ ቢ.ዜድ.4ኤክስ ተሰልፈው እናያለን። መኪናው ሲመጣ ግን ዕውቀቱ አብሮት አልመጣም። በየእድሩና በየቡናው የሚወራውም ሁለት ዓይነት ነው። ሻጩ «ይኸ መኪና ጥገና የሚባል ነገር አያውቅም፤ ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፣ ማርሚታ የለ!» ይላል። ነገሩ ያልጣመው ደግሞ «ሞተሩ አንድ ቀን ከተቃጠለ አበቃ፤ ግቢህ ውስጥ አቁመህ ዶሮ አስፍርበት» ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ልክ አይደሉም። አንዱን ያመነ ገንዘቡን፣ ሌላውን ያመነ ደግሞ መልካም ዕድል ያጣል። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው።

በመጀመሪያ ስለ ሞተሩ ራሱ። የቤንዚን ሞተር ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ፣ ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ብረት ከብረት እየተፋተገ የሚሠራ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከውጭ በኩል የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ከውስጥ ደግሞ በኩሽኔታ ላይ ተቀምጦ የሚሽከረከር አንድ ክፍል ያለው ነው። ሁለቱ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ያለው ቀጭን የአየር ክፍተት ነው። የሚያለብሰው ነገር ጥቂት ስለሆነ ዕድሜው ረዥም ነው። ከሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይልም ከመቶ 90 የሚሆነውን ወደ ጉልበት ሲለውጥ የቤንዚን ሞተር ግን ከመቶ 30 አካባቢ እንኳ ካደረሰ ጎበዝ ነው፤ የቀረው በሙቀት ይባክናል።

ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 10 ያህል ስለሚያጣ፣ እዚህ ሲደርስ አምስተኛው እጅ ጉልበት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የእንጦጦን ዳገት በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት የወጣ ሰው ይኸን አሳምሮ ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስቦ የሚያቃጥል ባለመሆኑ ጉልበቱ እዚያም እዚህም ያው ነው። ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ራሱ ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን ይመግባል፤ የፍሬን ሸራም አያስጨርስም። ይህ ሲባል ግን ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ከሆነ የሚመልሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው መኪናው እንደልማዱ ላይዝ ይችላል። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ባትሪውን እስከ አፉ ሞልቶ ባይወርድ ይመረጣል።

ሁለተኛው ስለ ቁጥሩ ነው። ሻጮች «200 የፈረስ ጉልበት!» ሲሉ ብዙዎቻችን እንማረካለን። ልኩ በኪሎዋት የሚሰጥ ሲሆን 1 ኪሎዋት 1.36 የፈረስ ጉልበት ያህላል። ትንሿ የቢ.ዋይ.ዲ. ሲጋል 55 ኪሎዋት፣ ማለትም 75 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ከባለ አንድ ሞተር አይ.ዲ.4 ዓይነቶች አንዱ ደግሞ 150 ኪሎዋት፣ ማለትም 204 የፈረስ ጉልበት አለው። ከዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ ይኸ በወረቀት ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ሊያወጣው የሚችለው ከፍተኛ ጉልበት መሆኑ ነው። ለ30 ደቂቃ ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው በብዙ መኪኖች ላይ የዚህ ግማሽ ወይም ከግማሽም በታች ነው። ሰባት ሰውና ዕቃ ጭኖ ረዥም ዳገት የሚወጣ ሰው መጠየቅ ያለበት ሁለተኛውን ቁጥር ነው። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ ለሚገባ ሰው ግን 55 ኪሎዋት ይበቃል፤ ለማይጠቀሙበት ፈረስ ገፈራ መክፈል ምን ይባላል?

ሦስተኛው፣ ዋናውም ነገር፣ ብልሽት ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ሞተሩ ጠንካራ ነው ብለናል፤ የሚያስቸግሩት በዙሪያው ያሉት ናቸው። ኩሽኔታው በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ስለሚችልና ከኢንቨርተሩ የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ በውስጡ ሲያልፍ ብረቱን እየቆረቆረ ስለሚበላው፣ አንዳንዴ የማጉረምረም ድምፅ ማሰማት ይጀምራል። ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ማርሽ ዘይት አለው፤ «ዘይት የለም» የሚለው የሻጩ ወሬ ውሸት ነው። ሞተሩንና ኢንቨርተሩን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽም አለ፤ ይኸ ፈሳሽ ሲጎድል የቧንቧ ውኃ መጨመር ነውር ነው፤ ጨውና ዝገት ይዞ ይገባልና አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ብቻ ይጨመር። ከሁሉም በላይ የሚረሳው ደግሞ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። እሷ ከሞተች ዋናው ባትሪ ሞልቶም ቢሆን መኪናው አይነሣም።

ይኸ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ቴስላ ሞዴል ኤስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሞተር ክፍሉ ድምፅ እያሰማ ብዙ ጊዜ በመለወጡ ኩባንያው በ2014 የሞተሩን ዋስትና 8 ዓመት፣ በኪሎ ሜትር ያልተገደበ እንዲሆን አድርጎታል። ሂዩንዳይና ኪያ በ2024 በአገራቸው በኮሪያ ወደ 170,000 የሚጠጉ መኪኖችን ለእርማት የጠሩት ባለ 12 ቮልቷን ባትሪ የሚሞላው መሣሪያ እየተበላሸ መኪናው መንገድ ላይ ጉልበት ሊያጣ ስለሚችል ነበር። ቶዮታም በ2022 ወደ 2,700 ገደማ ቢ.ዜድ.4ኤክስ መኪኖችን የጠራው የጎማ ብሎናቸው ሊላላ ይችላል ብሎ ነው። ልብ በሉ፤ ከሦስቱ በሁለቱ ሞተሩ ንጹሕ ነው። ጎማ፣ ብሎን፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ሞሎ ዛሬም እንደ ድሮው ይፈተሻሉ። ታዲያ እነዚያ ኩባንያዎች መኪናውን ጠርተው ያርማሉ፤ ከወኪሉ ውጭ በግለሰብ የገባ መኪና ግን ዋስትናው ብዙ ጊዜ ድንበር አይሻገርም። የሚያርመው የሰፈራችን ጋራዥ ነው።

ስጋታችንም ከዚህ ይጀምራል። የሰፈራችን መካኒኮች የቤንዚንና የናፍጣ ሞተር ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያወርዱ ልጆች ናቸው። አሁን ግን እንጀራቸው እየሳሳ ስለሄደ የመጣውን ሁሉ ለመክፈት ይገደዳሉ። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ በብርቱካናማ ሽፋን የተሸፈነው ኬብል በብዙዎቹ ከ300 እስከ 400 ቮልት፣ በአንዳንዶቹም ከዚያ በላይ የሚያስተላልፍ ነው። ደግሞም የመኪናው ቁልፍ ስለጠፋ ኃይሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ባትሪው በደንቡ መሠረት ተነጥሎ እንኳ በኢንቨርተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ ደቂቃዎች መጠበቅ፣ ከዚያም በቴስተር ለክቶ ዜሮ መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው። ይኸን ሥራ በባዶ እጅና በተለመደው ፒንሳ የሚሠራ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ የመሳሳት ዕድል የለውም።

ባለመኪናዎችም ብንሆን ልማዳችንን ማረም አለብን። የቆመ መኪናን በገመድ መጎተት የለመድነው ነገር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጎማው ሲሽከረከር ሞተሩም አብሮ ስለሚዞርና ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ፣ ጉተታው ራሱ ኢንቨርተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። በመኪና ላይ ተጭኖ ነው መሄድ ያለበት። በክረምት ጎርፍ ውስጥ የቆየ መኪናም «ደርቋል» ተብሎ ቻርጅ አይደረግም፤ አስቀድሞ በባለሙያ ይታይ።

ከዚህ ሌላ መኪና የሌለውንም ነዋሪ የሚነካ ነገር አለ። ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ኃይል እኛ ቤት የሚገባው በሰፈራችን ትራንስፎርመር በኩል ነው። አንድ ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር 32 አምፔር ይስባል፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ላይ እንደ መጣድ ማለት ነው። ምጣድ ግን እንጀራው ሲያልቅ ይነቀላል፤ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ተጥዶ ያድራል። አሥር ቤት በምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እራትም ሥራ ቻርጅም አድርግ ሲል መብራቱ ቢጠፋ ማን ይገረማል? ከእኩለ ሌሊት ወዲህ መሰካት ምንም ወጪ የለውም፤ ጉርብትና ብቻ ነው የሚጠይቀው። የቀጠነ ማከፋፈያ በመስኮት አውጥቶ መሰካት ግን ቤት ማቃጠል ነው። ምድር ሽቦ ያለው፣ ለብቻው ከቆጣሪው የተዘረጋ መስመር ይኑር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእኛ በኩል ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ጓንትና ለከፍተኛ ቮልት የተሠራ ቴስተር በማኅበሩ ስም ተገዝቶ የሰፈሩ ጋራዦች በየተራ እየፈረሙ ይጠቀሙበት። ሁለተኛ፣ ጋራዦቹ ራሳቸው ከሚመርጧቸው ልጆች ሁለቱ ሥልጠና እንዲወስዱ ወጪው ይሸፈን፤ ተምረው ሲመለሱም ሌሎቹን ያስተምሩ። ሦስተኛ፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ መዝገብ ይከፈት፤ የማን መኪና፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ ምን ተበላሸበት፣ በምን ዳነ የሚለው ይጻፍበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ መዝገብ ከማንም ሻጭ አፍ የበለጠ እውነት ይነግረናል።

አንዳንድ ነዋሪዎች «እኔ በታክሲ የምሄድ ሰው ለባለመኪና ጓንት ለምን አዋጣለሁ?» ማለታቸውን ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በመሆኑም መዋጮው በዋነኛነት በባለመኪናዎቹ ላይ ይጣል እንላለን። ይሁን እንጂ ትራንስፎርመሩ የጋራችን ነው፤ መካኒኮቹም የሁላችን ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዱ በኤሌክትሪክ ቢመታ ድንኳኑን የሚተክለው እድራችን እንጂ መኪናውን የሸጠው ነጋዴ አይደለም። ለድንኳን የምናወጣውን ለጓንት ብናወጣው አይሻልም ወይ?

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ይኸ ጉዳይ ቀርቦ እንዲወሰን፣ እስከዚያውም ድረስ ማንም ሰው ብርቱካናማውን ኬብል እንዳይነካ፣ አደራ እንላለን።