የአሯሯጩም ላብ ዋጋ አለው

ጎሕ ሲቀድ በሱሉልታ ሜዳ፣ በሰበታና በቡራዩ ዳር ተሰልፈው የሚሮጡ ወጣቶችን ያላየ የአካባቢው ነዋሪ አይገኝም። ከእነዚህ መካከል ስማቸው በዓለም የሚናኘው ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከቀሩት አንዳንዶቹ የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙት በአሯሯጭነት ነው። ስለ ባለሜዳሊያው ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የምናነሣው ግን የአሯሯጩን ጉዳይ ይሆናል።

አሯሯጭ በወኪሉ አማካይነት ከውድድር አዘጋጅ ጋር ተዋውሎ፣ በተወሰነለት ፍጥነት ከፊት እየመራና ነፋሱን እየመከተ ሌላውን ለድል የሚያበቃ ሠራተኛ ነው። በማራቶን ብዙውን ጊዜ እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ይመራና ከመንገዱ ይወጣል፤ በውጤት መዝገብም ላይ «አቋርጧል» ተብሎ ይታለፋል። እርግጥ ነው፣ ኬንያዊው ሲሞን ቢዎት እ.ኤ.አ. በ2000 ለአሯሯጭነት በገባበት የበርሊን ማራቶን እስከ መጨረሻው ሮጦ አሸንፏል። ይህ ግን ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነው።

ለሌላው ክብር ጉልበትን ማከራየት በሩጫ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የእኛን ገና በሚመስለውና በሰሜን አሜሪካ በበረዶ ላይ በሚካሄደው የሆኪ ጨዋታ፣ ዋና ተግባሩ የቡድኑን ኮከቦች በቡጢ መከላከል የሆነ ተጫዋች ሲቀጠር ኖሯል። ካናዳዊው ዴሬክ ቡጋርድ ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ277 የሊግ ግጥሚያዎች ያገባው ጎል 3 ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሕመም ማስታገሻ መድኃኒትና አልኮል ተደራርበው ገና በ28 ዓመቱ ለሞት ዳረጉት። ከሞቱ በኋላ በተደረገው ምርመራም ጭንቅላት በተደጋጋሚ ሲመታ የሚመጣ የአንጎል በሽታ እንደነበረበት ተረጋገጠ። ጭብጨባው የአዳራሹ፣ ሕመሙ ግን የእርሱ ብቻ ነበር።

አሯሯጭነት የተከበረ ሙያ እንጂ ድብድብ አይደለም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም መተዳደሪያቸው ገላቸው ብቻ መሆኑ ነው። ጅማቱ የተጎዳ አሯሯጭ ውል አያገኝም፤ ውል ያላገኘም የቤት ኪራዩን የሚከፍልበት የለውም።

ስለ ሌላው መድከም ክብር የሚሆንበትን መንገድ የራሳችን ታሪክ ያስተምረናል። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ፣ ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ እየተፈራረቁ ፍጥነቱን በመለዋወጥ ተፎካካሪዎቻቸውን አደከሙ። ምሩጽ ወርቅ፣ መሐመድ ነሐስ ሲያገኙ ቶሎሳ አራተኛ ወጣ። ሜዳሊያ ባያጠልቅም የድሉ ባለቤት መሆኑን የሚክድ የለም። ሦስቱ የለፉት ለአንድ ባንዲራ ነበርና!

ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት የእነዚህ ከተሞች ነዋሪዎችና ማኅበራት ትልቅ ኃላፊነት አለባቸው። ወጣቱ የሚፈርመውን ውል በሚገባው ቋንቋ አንብቦ እንዲረዳ፣ ሲጎዳ የሚታከምበት ዋስትና በውሉ እንዲሰፍር፣ ከሩጫው ጎን ለጎንም ሌላ ሙያ እንዲማር ማገዝ ይገባቸዋል። ለቀብር ዕድር ያቋቋመ ሕዝብ በቁም ላለ ልጁ መላ አያጣም።

ለድል አድራጊው ስናጨበጭብ፣ በ30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከመንገዱ የወጣውንም እናስታውስ!