ለሠርግ ወደ ሐረር የሚሄድ ዕድምተኛ

በቀድሞ ዘመን ሠርግ በሩቅ አገር ሲሆን ዕድምተኛው በቅሎውን አስጭኖ፣ ስንቁን አስይዞ፣ አሽከሩን አስከትሎ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይጓዝ ነበር። በደረሰም ጊዜ ቶሎ ልመለስ አይልም፤ የደከመው ከብት እስኪያርፍ፣ ዘመድም ከዘመድ ጋራ ተጠያይቆ እስኪጠግብ ድረስ በዚያው ይሰነብታል። ዛሬ ግን አይሮፕላን ጧት አንሥቶ ለምሳ የሚያደርስ ስለ ሆነ፣ ብዙ ሰው ቅዳሜ ሄዶ ሰኞ ጧት ከሥራው ይገኛል፤ የሙሽራዪቱንም አገር ከድንኳኑ ወዲያ ሳያይ ይመለሳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አንዳንድ ቤተ ሰቦች፣ ይልቁንም ልጆቻቸው ከአሜሪካና ከአውሮጳ ለሠርግ የሚመጡላቸው፣ የሠርጉን ጉዞ ከዕረፍት ጋራ አያይዘው ጥቂት ቀን መሰንበትን ለምደዋል። ይህ ልማድ መልካም ነው። አዲስም አይደለም፤ የአባቶቻችን ሥርዐት በሌላ መልክ መመለሱ ነው እንጂ።

ነገር ግን አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ ይገባዋል፤ ይኸውም ሠርጉ የባለቤቶቹ፣ ጉብኝቱ ደግሞ የእንግዳው መሆኑ ነው። ይህን ያልለየ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። እኛም ራሳችን ይህን የተማርነው በጥፋታችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐረር በተደረገ ሠርግ ከሙሽራዪቱ ወገን ተጠርተን ሄደን ነበር። በመልሱ ዕለት ጧት ሰባት ሆነን፣ «ምሳ ሳይቀርብ እንመለሳለን» ብለን የባቢሌን ድንጋዮች ለማየት ወጣን። በመመለሻችን የመኪናው ጎማ ፈነዳ፤ መለወጫውም ነፋስ አልነበረውም። ሌላ መኪና ተገኝቶ ስንደርስ ቀኑ ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። የሙሽራዪቱ አባት አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ምግቡም እንደ ገና ተሙቆ ቀረበልን።

ከኛ ጋራ ከሄዱት መካከል ግን አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ነበሩ። የሙሽራዪቱ አያት እኚህን ሰው በልጅነታቸው ያውቋቸው ኖሮ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሳይተያዩ ከቆዩ በኋላ «ዛሬ ላገኛቸው ነው» ብለው ከጧት ጀምረው ነጭ ለብሰው በበሩ አጠገብ ተቀምጠው ሲጠብቁ ውለዋል። ሕመምተኛ ስለ ነበሩ እኛ ስንደርስ ደክመው ተኝተዋል። በማግሥቱ ጧት መኪናው በደጅ እየጠራ ሁለቱ ሽማግሎች በአልጋው አጠገብ የተያዩት ዐሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተገናኙም፤ እርሳቸውም በዓመቱ ዐረፉ። የባቢሌ ድንጋዮች ነገም ከነገ ወዲያም በቦታቸው ይገኛሉ፤ ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ምክር ሁሉ ከዚያች ቀን የወጣ ነው።

ስለ ቀን አቈጣጠር። በክርስቲያን ቤት ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ፣ ሁለተኛም ከፋሲካ በኋላ ነው። በነዚህ ወራት አይሮፕላኑም ሆቴሉም ስለሚሞላ ጥሪው እንደ ደረሰ ቦታ መያዝ ይገባል። ሠርጉ እሑድ ቢሆን፣ ዕድምተኛው ዐርብ ይድረስ፤ ቅዳሜ ድካሙን ይረፍና ለባለቤቶቹ ይታያቸው፤ እሑድ በሠርጉ፣ ሰኞ በመልሱ ይዋል። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ የራሱ ናቸው። ለቅልቅል የተቈረጠ ሌላ ቀን እንዳለም አስቀድሞ ይጠይቅ። እንዲህ የከፈለ ሰው ሦስት ቀን ለዘመድ፣ ሦስት ቀን ለአገሩ ሰጠ ማለት ነው፤ በማናቸውም በኩል ዕዳ አይኖርበትም።

ስለ መንገድ። ሐረር የአይሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት እንግዳው የሚወርደው በድሬ ዳዋ ነው። ከአዲስ አበባ እስከዚያ በአይሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። በምድር ባቡር መሄድን የሚወድ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር አለለት። የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አዲሱ ጣቢያ ከድሬ ዳዋ ከተማ ወጣ ያለ መሆኑንም ያስብ። ከድሬ ዳዋ እስከ ሐረር ያለው ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ በደንገጎ ተራራ ተጠማዝዞ ይወጣል። ድሬ ዳዋ 1,200 ሜትር ያህል፣ ሐረር 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው፣ ከታች በላብ የተነሣ እንግዳ ከላይ ሲደርስ ነጠላ ይፈልጋል። በጥር ሌሊት ደግሞ ጋቢ ቢይዝ አይጸጸትም። ከአዲስ አበባ በመኪና መሄድ ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ፣ ይህን የመረጠ ሰው የመንገዱን ሁኔታ ጠይቆ ጎህ ሲቀድ ይነሣ፤ የመለወጫውን ጎማ ነፋስም ይመርምር።

ስለ ማደሪያና ስለ ወጪ። ሠርግ የደገሰ ሰው በዚያ ሳምንት ቤቱ ገበያ፣ ኪሱም ቀዳዳ ነው። ስለዚህ የቅርብ ዘመድ ያልሆነ ዕድምተኛ በሆቴል ይደር፤ ሂሳቡንም በደረሰበት ዕለት ራሱ ይክፈል። በመጨረሻው ቀን ልክፈል ብሎ የቆየ እንደ ሆነ፣ የሙሽራው አባት ቀድመው ከፍለው ያገኛቸዋልና። ለጉብኝት የሚሆነውንም መኪና የባለቤቶቹን ዘመድ አስቸግሮ ሳይሆን ተከራይቶ ይያዝ። ባለቤቶቹ «ከቤታችን ሳትበሉ አትሄዱም» ቢሉ ግን እንቢ ማለት ነውር ነው፤ አንድ ጊዜ ሄዶ፣ በልቶ፣ መርቆ መመለስ ይበቃል።

ስለሚታየው ነገር። የመጀመሪያውን ቀን ለጀጎል መስጠት ይገባል። ይህ በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ከነውስጡ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የጥንት በሮቹ አምስት ናቸው። በውስጡ 82 መስጊዶች እንዳሉ የዩኔስኮ መዝገብ ይናገራል፤ በፈረስ መጋላ አደባባይም የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ስፍራው በእግር እንጂ በመኪና የሚታይ አይደለም፤ መንገዶቹም እየጠበቡ ስለሚጣመሙ የአገር ሰው መሪ ይዞ መግባት ይሻላል።

ለሠርግ የመጣ ሰው ከሁሉ አብልጦ ሊያየው የሚገባው የሐረሪ ቤት ነው። መደቡ በደረጃ በደረጃ ከፍ ያለ ሲሆን በየደረጃው የሚቀመጠው ሰው በክብሩ የተለየ ነው፤ ግድግዳውም ሴቶች በሰፉት የስፌት ዕቃ ያጌጠ ነው። በበሩ ላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ምንጣፍ ቢታይ፣ በዚያ ቤት ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት እንደ ሆነ የአገሩ ሰዎች ይነግራሉ። በጎን በኩል ያለችውም ጠባብ ክፍል ሙሽሮች የመጀመሪያዎቹን ቀኖች ተከልለው የሚሰነብቱባት ነበረች፤ ምግባቸውንም ከውጭ ያቀብሏቸው ነበር። ከትናንት በስቲያ የዘመዱን ልጅ የዳረ ሰው ይህን ሲያይ የራሱን አገር የጫጉላ ቤት ሳያስብ አይቀርም።

ከዚያም ወደ ሸሪፍ ሙዚየም ይሂድ። ይህ የራስ ተፈሪ ቤት ይባል የነበረው ሕንፃ ነው። ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን በ1903 ዓ.ም. ወይዘሮ መነን አስፋውን ባገቡ ጊዜ የጫጉላቸውን ወራት በዚህ ቤት አሳልፈዋል ተብሎ ይነገራል። በ1870ዎቹ ዓ.ም. በሐረር ይነግድ በነበረው በፈረንሳዊው ባለ ቅኔ በአርተር ራምቦ ስም የተጠራው ቤትም ከዚያው አቅራቢያ ነው። በሠርጉ የተቀደደ ልብስ ያለበት ሰው ቢኖር ደግሞ «መኪና ግርግር» በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ይለፍ፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ቀዳዳውንም እዚያው ያሰፋዋል።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅቦችን ጠርቶ ሥጋ የሚያበላውን ሰው ማየት የቈየ የሐረር ልማድ ነው። ሕፃን የያዘ ሰው ራቅ ብሎ ይቁም፤ ልጁንም ለሥዕል ብሎ ወደ ጅቡ አያቅርብ።

ሁለተኛውን ቀን ባቢሌ ይወስደዋል። በዚያ ትልልቅ ድንጋዮች አንዱ ባንዱ ላይ ሊወድቁ እንደ ተቃረቡ ሆነው ቆመዋል፤ የግመል ገበያም አለ፤ ቀኑን ግን በሐረር ጠይቆ መነሣት ነው። ሦስተኛውን ቀን ወደ ድሬ ዳዋ በመውረድ ይፈጽመው። በመንገዱ ላይ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ለብዙ ዓመት ደርቆ ከርሞ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው ተመልሶለታል፤ በዳርቻው ጥቂት መቆም ደስ ያሰኛል። በድሬ ዳዋም በከዚራ በዛፎቹ ጥላ ሥር መመላለስ፣ በከፊራ ገበያ ቅመምና ጨርቅ መግዛት የእንግዳው ፈንታ ነው። የቀድሞው የፈረንሳዊ ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዪቱ ከርሱ ጋራ ተወለደች።

ስለ ጠባይ። በሐረር ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት ሆነው ስለሚኖሩ በሠርጉ ቤት ለየሃይማኖቱ የታረደው ሥጋ ተለይቶ ይቀርባል። እንግዳው የትኛው ማዕድ የየትኛው እንደ ሆነ ሳይጠይቅ እጁን አይስደድ፤ ጭልፋውንም ከአንዱ ወደ ሌላው አያዛውር። ያለ ፈቃድ የሰው ፊት በተለይም የሴቶችን ፎቶግራፍ አያንሣ። ወደ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ያውልቅ፤ ወደ መስጊድና ወደ መቃብር ስፍራ ለመግባት ቢሻ ግን አስቀድሞ ያስፈቅድ። አለባበሱንም የጨዋ ያድርግ።

ስለ ጤና። ቆላው ድሬ ዳዋ የወባና የደንጊ ትኵሳት የታየበት ስፍራ ስለ ሆነ እጅጌው ረዥም ልብስና አጎበር ያስፈልጋል፤ የደንጊን ትኵሳት የምታመጣው ትንኝ በቀን የምትናደፍ መሆኗን ብዙ ሰው አያውቅም። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ሽማግሎችና ሕፃናት በቀትር ፀሓይ አይጓዙ፤ የዘወትር መድኃኒታቸውም ከሻንጣ ሳይሆን ከእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

በመጨረሻም፣ ዕድምተኛው ከመመለሱ በፊት የሐረር ሴቶች የሰፉትን አንድ የስፌት ዕቃ ከሰፊዋ ከራስዋ እጅ ሳይከራከር ገዝቶ ለሙሽሮቹ ቤት ቢያኖርላቸው፣ ከተማዪቱንም ዘመዶቹንም አመሰገነ ማለት ነው። ሦስቱንም የጉብኝት ቀን ማግኘት ያልቻለ ሰው ግን ስለ ባቢሌም ስለ ድሬ ዳዋም አይዘን። ከቀረችው ጊዜ ግማሹን ወስዶ ከቤቱ ካሉት አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አሮጊት አጠገብ ይቀመጥና ያለ ጥድፊያ ያጫውታቸው። እኛ ያን ቀን ያላደረግነው ይህንን ነው፤ አንባቢዎቻችን ግን እንደማይተዉት ተስፋችን ነው።