የስፓርታ እኩልነት የማን እኩልነት ነበር?

የጥንታዊት ግሪክ ነገር በተነሣ ቁጥር ሁለት ጎራዎች ይለያሉ። አንደኛው አቴናን የነጻነት እናት አድርጎ ያመልካል። ሁለተኛው ስፓርታን የሥርዓት፣ የቁጥብነትና የእኩልነት አርአያ አድርጎ ያወድሳል። ከሁለቱም ይልቅ የነቃ መስሎ የሚቀርብ ሦስተኛ ጎራም አለ፤ እርሱም «ሁለቱም በባርያ ጉልበት የቆሙ ናቸውና ልዩነታቸው የጌቶች ጠብ ብቻ ነው» ይለናል። የዚህ ጽሑፍ ሙግት በተለይ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጋር ነው። የመጀመሪያው በቂ ጠበቆች አሉት፤ እግረ መንገዳችንን ግን እርሱንም ሳንነካው አናልፍም። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠሩ ናቸው።)

የስፓርታ ዜጎች ራሳቸውን «እኩዮች» ብለው ይጠሩ ነበር። ወንድ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ከእናቱ ቤት ወጥቶ በመንግሥት እጅ ያድጋል። ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው፣ ሚስት ቢያገባ እንኳ፣ አዳሩ ከጓደኞቹ ጋር በሰፈር ነው። ንግድና የእጅ ሙያ ለዜጋ ነውር ናቸው። ማታ ማታ ባለጠጋውም ድኃውም በአንድ ማዕድ ቀርቦ፣ በአሳማ ሥጋ፣ በደምና በኮምጣጤ የተሠራውን ጥቁር መረቅ ይበላል። ይህን ሲያነቡ ልባቸው የሚቀልጥ ወገኖች ብዙ ናቸው። እንግዲህ አንድ ተራ ጥያቄ እንጠይቃቸው፦ ለዚያ ማዕድ ገብሱን ያረሰው ማን ነበር?

ያረሱት ሄሎቶች ነበሩ። ሄሎት የሚለውን ቃል «ገባር» ብሎ መተርጎም ይቀላል፤ ነገር ግን ይጎድላል። ገባር መሬቱንና ጉልበቱን ቢነጠቅ፣ ጌታው በየዓመቱ በይፋ ጦርነት አያውጅበትም። የስፓርታ ሹማምንት የሆኑት አምስቱ ኤፎሮች ግን፣ ፕሉታርክ አርስቶትልን ጠቅሶ እንደጻፈው፣ በየዓመቱ ሥልጣን ሲይዙ በሄሎቶች ላይ ጦርነት ያውጁ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሄሎት የገደለ ሰው በደም እንዳይጠየቅ ነው። ክሪፕቴያ በተባለው ሥርዓትም ጎበዛዝቱ ጩቤ ታጥቀው በሌሊት ይሰማሩና ያገኙትን ሄሎት ይገድሉ ነበር። ሜሴንያ ተወርራ ሕዝቧ ባርያ ከሆነ በኋላ ብዙ ትውልድ በዚህ ሁኔታ አልፏል።

ስለ ቁጥሩ ሄሮዶቱስ አንድ ፍንጭ ይሰጠናል። በ479 በፕላትያ ጦርነት 5000 የስፓርታ ዜጎች ሲሰለፉ፣ ለእያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት፣ በድምሩ 35000 ሄሎቶች ተከትለዋቸዋል። እነዚያ ሄሎቶች በጦር ሜዳ ላገለገሉበት ምን ተከፈላቸው? ቱሲዲደስ የሚተርከውን መስማት ይበቃል። ከፔሎፖኔዝ ጦርነት ጋር አያይዞ እንደሚነግረን፣ ስፓርታውያን ከሄሎቶች መካከል በውጊያ የላቀ ጀግንነት የፈጸሙ እንደሆነ ነጻ ሊያወጧቸው ለዩአቸው። ወደ 2000 የሚሆኑት ተመረጡ፤ አክሊል ደፍተው፣ ነጻ ወጣን ብለው፣ ቤተ መቅደሶቹን ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ጠፉ፤ እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሞቱ ያወቀ አልተገኘም። ነጻነትን ለመጠየቅ የሚደፍር ራሱን የሚያከብር ሰው ነውና፣ መጀመሪያ ሊነሣ የሚችለውም እርሱ ነው ብለው ነበር የመረጧቸው። የሚደነቀው የስፓርታ ሥርዓት ምንጩ ይህ ነው። ዜጋው ቀን ከሌት የሚሠለጥነው በሩቅ ያለውን ጠላት ብቻ ፈርቶ አልነበረም፤ የሚያበላውን ሰው ፈርቶ ነበር።

በእኩዮቹ መካከልስ እኩልነቱ እውነተኛ ነበርን? ለጋራው ማዕድ ገብስ፣ ወይን፣ አይብና በለስ ማዋጣት ግዴታ ነው፤ ማዋጣት ያቃተው ዜግነቱን ያጣል። አርስቶትል ይህንን ሕግ በብርቱ ነቅፎታል፤ ድኃውን ከድኅነቱ የተነሣ ከፖለቲካ መብቱ ያስወጣልና። መሬቱም በጥቂቶች እጅ ተከማቸ። በፕላትያ 5000 የተሰለፈው የዜጋ ሠራዊት፣ በ371 በሌውክትራ ሲዋጋ 700 ዜጎች ብቻ ነበሩት፤ ከእነርሱም 400 ወደቁ። አርስቶትል በጻፈበት ጊዜ የዜጎቹ ቁጥር አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። «እኩዮች» የተባሉት እርስ በርሳቸው እየተበላሉ አለቁ ማለት ነው።

መንግሥቱን በሚመለከት አጭር ልሁን። ሁለት ነገሥታት፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ የሆኑና እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚሾሙ 28 ሽማግሌዎች፣ ለአንድ ዓመት የሚመረጡ አምስት ኤፎሮች፤ ሕዝቡ ደግሞ የቀረበለትን ሐሳብ በጩኸት ይቀበላል ወይም ይጥላል። ሽማግሌዎቹም የሚመረጡት በጩኸት ነው፤ አርስቶትል ይህን አመራረጥ «የልጅ ሥራ» ብሎታል። ለእውነት ስንል ግን ሁለት ነገር እንመስክር። ኤፎሮቹ ንጉሡን እንኳ ለፍርድ ማቅረብ ይችሉ ነበር። ሴቶቹም ከአቴና ሴቶች ይልቅ የተሻለ ኑሮ ነበራቸው፤ ሰውነታቸውን ያሠለጥናሉ፣ መሬት ይይዛሉ፤ እንደ አርስቶትል አነጋገር ከአገሩ መሬት ከአምስት ሁለት እጅ የሚጠጋው በሴቶች እጅ ነበር። የአቴናዋ እመቤት በቤት ተወስና ስትኖር በሸንጎም በፍርድ ቤትም ድምፅ አልነበራትም።

ስፓርታን ያወደሱልን እነማን ናቸው? አብዛኞቹ የአቴና ባለጠጎችና የእነርሱ ወገኖች ናቸው። ክሪቲያስ ስለ ስፓርታ ሥርዓት በአድናቆት ጽፏል፤ በ404 ደግሞ በስፓርታው የጦር አዛዥ በሊሳንደር ድጋፍ ሥልጣን ከያዙት «ሠላሳዎቹ» መሪዎች አንዱ ሆኖ፣ ከ1500 ያላነሱ ሰዎችን በጥቂት ወራት ውስጥ አስፈጀ። ዴሞስቴንስ በኋላ ያነሣው ነጥብ ዛሬም አልደበዘዘም፤ በአቴና የስፓርታን ሕግ ማወደስ ይፈቀዳል፣ በስፓርታ ግን የአቴናን ሕግ ማወደስ አይፈቀድም። በሰው አገር ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን የዝምታን ሥርዓት ውበት የምናደንቅ ሁሉ ልንመልሰው የሚገባ ነገር ነው።

ወደ ሦስተኛው ጎራ እንለፍ። ስለ አቴና የሚያቀርበው ክስ በአመዛኙ እውነት ነው። የአቴና መርከቦች የተሠሩበት ብር በላውሪዮን ዋሻዎች ባሮች እየቆፈሩ ያወጡት ነው፤ ኒክያስ 1000 ባሮች ለማዕድኑ አከራይቶ በነፍስ ወከፍ በቀን አንድ ኦቦል ይቀበል ነበር። በፍርድ ቤት የባርያ ምስክርነት የሚታመነው በስቃይ ሲወጣ ነው። በ416 አቴና ሚሎስን ድል ባደረገች ጊዜ ወንዶቹን ገደለች፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ሸጠች። ስፓርታውያን በ413 ዴኬሊያን ሲይዙ ከ20000 በላይ ባሮች ከአቴና ኮበለሉ፤ ስለ አቴና ነጻነት ከእነርሱ እግር የበለጠ ምስክር የለም።

ታዲያ ልዩነት የለም ማለት ነውን? ልዩነት ከሌለ፣ ባርያ አሳዳሪነታቸው በየትኛውም ሥርዓት የማይነካባቸው የአቴና ባለጠጎች በ411 እና በ404 ዴሞክራሲውን ለመገልበጥ ለምን ተነሡ? ልዩነቱን እነርሱ አሳምረው ያውቁት ነበር። በአቴና ቀዛፊውና ጫማ ሰፊው በዕጣ አምስት መቶ አባላት ባሉት ሸንጎ ይቀመጣሉ፤ በዳኝነት ሲውሉ፣ ከፔሪክልስ ጊዜ ጀምሮ፣ አበል ይከፈላቸዋል። ሹም ሁሉ የሥራ ዘመኑ ሲያበቃ ሒሳቡን ያስመረምራል። ፔሪክልስ ራሱ በ430 ከሥልጣን ወርዶ መቀጮ ከፍሏል። በ427 ሕዝቡ የሚቲሊኒን ወንዶች ሁሉ ሊገድል ፈረደ፤ በማግሥቱ እንደገና ተከራክሮ ፍርዱን ሻረ፤ ሁለተኛዋ መርከብ የመጀመሪያዋን ተከትላ ለጥቂት ደረሰች። ለሚሎስ እንዲህ ያለ መርከብ አልተላከም። ነገር ግን በአደባባይ መከራከርና መሻር የሚቻልበት መሣሪያ በድኃው ዜጋ እጅ መኖሩ የጌቶች ጠብ አይደለም። የቀረበት ባርያ ይህን መሣሪያ ሲመኘው እንጂ ሲንቀው አልታየም፤ በ403 ሠላሳዎቹን ለመጣል ከተዋጉት መካከል ባሮች ነበሩበት። ከድሉ በኋላ ትራሲቡሎስ ከፒሬየስ አብረውት ለተመለሱት ሁሉ ዜግነት ይሰጥ ብሎ አቀረበ። ሐሳቡ ሕግን ይጥሳል ተብሎ ተጣለ። አቴናን የሚያመልኩ ወገኖች ይህን ገጽ ቶሎ ገልብጠው ያልፋሉ።

ሄሎቶችን ነጻ ያወጣች አቴናም አይደለችም። በ464 ገደማ የምድር መናወጥ ስፓርታን በመታ ጊዜ ሄሎቶች ተነሥተው በኢቶሜ ተራራ ሲመሽጉ፣ አቴና በኪሞን መሪነት ጦር የላከችው ለስፓርታ ነበር፤ ስፓርታውያን ግን አቴናውያኑን ተጠራጥረው መለሷቸው። ነጻነቱ የመጣው በ369 ነው፤ የቴብስ ሰው ኤፓሚኖንዳስ ሜሴንያን ነጻ አውጥቶ በኢቶሜ ግርጌ የሜሴኒ ከተማ ስትቆረቆር። በዚያው ዓመት አቴና ከስፓርታ ጋር ተወዳጀች። በ362 ከማንቲንያ ጦርነት በኋላ ግሪኮች የጋራ ሰላም ሲማማሉ፣ ሜሴናውያን እንደ ሕዝብ ተቆጥረው በመካከላቸው ስለ ገቡ፣ ስፓርታ ብቻዋን አልምልም ብላ ቀረች።