ሙያ በታፔላ አይደለም

«ፓውዛ ለመግጠም ምን ሲደረግ ለኤሌክትሪሺያን እከፍላለሁ?» የሚሉ ባለመኪኖች ጥቂት አይደሉም። እጅን ማፍታታት ያስመሰግናል፤ ድፍረትን ሙያ ማለት ግን ሌላ ነው።

ሁለት ባለ 55 ዋት መብራቶች በ12 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባሉ። ይህን ጭነት በነባሩ መስመር ላይ ሲደርቡት ፊውዙ ይቃጠላል። ደፋሩ ታዲያ የ15ቱን ፊውዝ በ30 ይተካዋል፤ ሲብስም በመዳብ ሽቦ ያገናኘዋል። ፊውዝ የተፈጠረው ከሽቦው ቀድሞ ሊቃጠል መሆኑን ማን በነገረው!

ገንዘብ መቀበልም ብቻውን ባለሙያ አያደርግም። ፊውዙን ዘሎ የሚቀጥል ጋራዥ ከደፋሩ በምን ይሻላል? ሙያ በልብ ነው እንጂ በታፔላ አይደለም። ባለሙያ ፊውዙ ለምን እንደተቃጠለ ይጠይቃል፤ ለአዲሱ መብራት የራሱን መስመር፣ ሪሌና ፊውዝ ያበጅለታል። ይህን የሚያውቅ በግቢው ይሥራ፤ የማያውቅ ከፍሎ ያሠራ፣ ሲሠራም ቆሞ ይጠይቅ። ሽቦ ሲነድ ባለመኪናውን ከተሳፋሪው አይለይም።